ከኋለኞች ማን ይቅደም?

ድራፍት ስል ቢራውን ማለቴ አይደለም። ፉትቦል ስልም የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖች በእጃቸው ይዘው እየሮጡ፣ እየተላተሙ የሚጫወቱትን፣ ኳሱ እንደ እንቁላል የሾለውን ጨዋታ ነው። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ብዙም አይገባኝም። ድራፍት የሚሉት የተጫዋች ምርጫቸው ግን ታሪኩን ካወቅኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የፍትሕ ጥያቄ አለበትና።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከኮሌጅ የሚወጣ ጎበዝ ተጫዋች ደስ ካለው ክለብ ሄዶ ይፈርም ነበር። ደስ የሚለው ደግሞ ገንዘብና ዋንጫ ያለበት ነው። ያለው ይጨመርለታል፣ የሌለው እንደሌለው ይቀራል። ያኔ ከደካሞቹ አንዱ የነበረው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል በ1935 ለክለብ ባለቤቶች ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የኮሌጅ ተጫዋቾች ስም ይዘርዘር፤ ክለቦች ተራ በተራ ይምረጡ፤ ተራው ግን ከግርጌ ይጀምር አለ። መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። የሚገርመው ባለጠጎቹም ተስማሙ። አሸናፊው አስቀድሞ የሚታወቅበት ውድድር ተመልካች እንደማያመጣ ገብቷቸዋል።

በ1936 የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ የቤል ክለብ መጨረሻ ወጥቶ ነበርና ቀድሞ መረጠ። ጄይ በርዋንገር የሚባል ዝነኛ ልጅ ነበር የመረጠው። ልጁ ግን ለቤልም ሆነ ለሌላ የፕሮፌሽናል ክለብ አንድም ቀን ሳይጫወት ቀረ። ቀድሞ መምረጥ ሌላ፣ ማግኘት ሌላ!

ከ1947 እስከ 1958 ደግሞ ከመደበኛው ተራ በፊት በዕጣ የሚሰጥ አንድ ተጨማሪ ምርጫ ነበር። ዕጣው የወጣለት ክለብ ሌሎቹ ሁሉ እስኪደርሳቸው ድረስ ከዕጣው ይወጣል። ይህንን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅኩ። እቁብ ነዋ! የጎደለው ዳኛና ጸሐፊ ብቻ ነው። በእቁባችንም ቢሆን ዕጣው የራሱ ሕግ አለው፣ ችግርም የራሱ ሕግ አለው፤ ሠርግ ወይም ሕመም የገጠመው ሰው ሲለምን ባለዕጣው የሚለቅበት ጊዜ አለ። ድራፍትም የቆመው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው፤ በችግርና በዕጣ።

ታዲያ ሁለት ሰዎች እኩል ቢቸገሩስ?

በ1969 የውድድር ዘመን ፒትስበርግ ስቲለርስና ቺካጎ ቤርስ እያንዳንዳቸው ከ14 ጨዋታ 13ቱን ተሸነፉ። ከሁሉም የባሱት እነሱ ናቸው፤ ከሁለቱ ግን ማን ይብሳል? ቺካጎ በዓመቱ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ከፒትስበርግ ጋር ያደረገውን ነበር፤ 38 ለ 7። ሜዳው ላይ ፍርዱ ተሰጥቷል ማለት ነው። ሊጉ ግን ያንን አላየም። በጥር 1970 ኒው ኦርሊንስ ላይ የሊጉ የበላይ ፒት ሮዜል ሳንቲም ወረወረ። ዘውድ ወይስ ጎፈር? የቺካጎው ሰው ጠራ፤ ሳተ። ፒትስበርግ ቴሪ ብራድሾውን ወሰደ፤ ኳርተርባክ የሚሉትን፣ ጨዋታውን የሚመራውን ማለት ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አራት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ቺካጎ ሁለተኛውን ተራ በሦስት ተጫዋቾች ለወጠው።

በኋላ ሊጉ ከሳንቲሙ የተሻለ ሚዛን አመጣ። ሁለት ክለቦች በውጤት እኩል ከሆኑ የተጋጣሚዎቻቸው ውጤት ይደመራል። የአንዱ ተጋጣሚዎች ከመቶ 48፣ የሌላው ከመቶ 53 አሸንፈው ከሆነ፣ 48ኛው ይቀድማል። ለምን ቢሉ፣ ቀላል ተጋጣሚ ገጥሞ ያን ያህል የተሸነፈ የባሰ ደካማ ነው። ይህ ሚዛን ሌላም ጥሩ ጎን አለው። ሆን ብሎ መሸነፍ ለሚያምረው ክለብ የራሱ ሽንፈት በእጁ ነው፤ የተጋጣሚዎቹ የዓመት ውጤት ግን በአብዛኛው ከእጁ ውጪ ነው። እሱም እኩል ቢመጣ ሌሎች ማወዳደሪያዎች አሉ፤ ሁሉም እምቢ ሲል ወደ ሳንቲሙ ይመለሳሉ። በ2018 ሳን ፍራንሲስኮና ኦክላንድ እንዲሁ እኩል ሆነው በሳንቲም ተለዩ፤ ሳን ፍራንሲስኮ 9ኛ፣ ኦክላንድ 10ኛ። ያም ቢሆን ምርጫው ብዙ ዙር ስላለው እኩል የሆኑት በየዙሩ ቦታ ይቀያየራሉ። በዕድል የቀደመ በሚቀጥለው ዙር ወደ ኋላ ይላል።

እንግዲህ «የፒትስበርግን ታሪክ ሳንቲም ሠራው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ብራድሾው በመጀመሪያ ዓመቱ 24 ጊዜ ኳስ ለባላጋራ አቀበለ። በዚያ ዓመት ፒትስበርግ 5 ጨዋታ ሲያሸንፍ «ዕድለ ቢሱ» ቺካጎ 6 አሸነፈ። በ1974 ደግሞ ፒትስበርግ በ21ኛ ተራ ጀምሮ፣ ያለ ምንም ሳንቲም፣ በኋላ ሆል ኦፍ ፌም ከሚሉት የታላላቆች መዝገብ የገቡ አራት ተጫዋቾችን በአንድ ምርጫ ለቀመ። ሳንቲሙ በር ከፈተ እንጂ ቤቱን አልሠራም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ዕጣን እንንቃለን፤ «ሰው አይቶ፣ አመዛዝኖ ይወስን» እንላለን። መልካም ነው፤ ሚዛን እስካለ ድረስ ይመዘን። ሁለት ሰዎች በእርግጥ እኩል ሲሆኑ ግን «አመዛዝኜ ወሰንኩ» የሚለው ሰው ምኑን መዘነ? ዝምድናውን? ትውውቁን? ያን ጊዜ በሰው ፊት የተወረወረ ሳንቲም ከጓዳ ምርጫ ይሻላል። የተሸነፈውም «ዕድሌ ነው» ብሎ ይሄዳል እንጂ «ተበደልኩ» ብሎ ቂም አይዝም። የእቁብ ዳኛ ዕጣውን አባላቱ ሁሉ እያዩ የሚያወጣው ለዚሁ ነው።