ክላስተር
ቃሉን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከኩታ ገጠም እርሻ ጋር ነው። በኢንዱስትሪ ግን ተቀራራቢ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች በአንድ አካባቢ መሰባሰባቸውን ይገልጻል። ኢኮኖሚስቱ አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ምክንያቱን ሲያስረዳ የሠለጠነ ሠራተኛን፣ የቅርብ አቅራቢንና የሙያ ዕውቀት መዛመትን ጠቅሷል።

የመሰባሰቡ ልኬት ማካፈል ነው፤ አንድ ዘርፍ ከከተማው ተቀጣሪ ያለው ድርሻ በአገር አቀፍ ድርሻው ይካፈላል። ከ1 ከበለጠ ዘርፉ እዚያ ጎልቷል ይባላል። ነገሌ ቦረና 2,000 ተቀጣሪ አላት፣ 40ዎቹም የሶፍትዌር ሠራተኞች ናቸው እንበል። ይህ 2 በመቶ ነው፤ የአገሩ ድርሻ 1 በመቶ ቢሆን ውጤቱ 2 ይሆናል። ያስፎክራል! ግን 40ዎቹም የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ከሆኑስ? ያ ክላስተር አይደለም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ኤሊሰንና ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት መለኪያ የድርጅቶችን መጠን የሚያስገባው ለዚህ ነው። እንደ ያቤሎና ሞያሌ ባሉ ከተሞች ስህተቱ ይብሳል፤ ቁጥሩ ትንሽ ነውና።

በእኔ ግምት የእነዚህ ቆላማ አካባቢዎች እውነተኛ ክላስተር የከብትና የግመል ገበያው ነው፤ ደላላው፣ ነጋዴውና የጭነት መኪናው በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። አብዛኛው ግን ደመወዝ መዝገብ ላይ ስለሌለ ቀመሩ አያየውም።

«የቴክኖሎጂ ክላስተር» የሚል ዕቅድ ሲቀርብላችሁ፣ መጀመሪያ የድርጅቶቹን ብዛት ጠይቁ።