በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ላይ የሚፈጸም የተኩስ ጥቃትና የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ክርክር

በመሠረተ ልማት ላይ የሚፈጸም የተኩስ ጥቃት፣ ኤሌክትሪክ፣ ነዳጅ ወይም መገናኛ የሚያቀርቡ ተቋማትን በጦር መሣሪያ መትቶ አገልግሎታቸውን ማቋረጥ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ይህ ጥቃት ጎልቶ የታየው በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ላይ ነው። ወንጀሉ በጠመንጃ ይፈጸም እንጂ የሕግ አውጪዎች ምላሽ ያተኮረው በአጥርና በቅጣት ላይ ነው፤ ጠመንጃው ማን እጅ ሊገባ ይገባል የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ቀርቷል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ረገድ ዋነኛው ክስተት ኤፕሪል 16 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ አቅራቢያ በሚገኘው የሜትካፍ ጣቢያ ላይ የደረሰው ጥቃት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያልታወቁ ሰዎች በመጀመሪያ ከመሬት በታች ያሉ የፋይበር ኦፕቲክ ገመዶችን ቆረጡ፤ ቀጥለውም 20 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ከ100 በላይ ጥይት ተኩሰው 17 ትራንስፎርመሮችን ጎዱ። ጥይት የበሳው ማቀዝቀዣ ዘይቱን ያፈስሳል፤ ዘይቱ ያለቀበት ትራንስፎርመርም ግሎ ይቆማል። ኃይሉ በሌላ መስመር እንዲዞር በመደረጉ ሰፊ የመብራት መቋረጥ አልደረሰም፤ ጉዳቱ ግን ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል፣ ጥገናውም 27 ቀን ፈጅቷል። የተገኙት ቀለሃዎች ክላሽንኮቭ የሚተኩሰው የባለ 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት ነበሩ። በወንጀሉ የተያዘ ሰው የለም። ጥቃቱ በደረሰ ማግስት የአሜሪካ ሴኔት፣ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ጭፍጨፋ በኋላ የቀረበውንና የጠመንጃ ገዢዎችን ማጣራት የሚያሰፋውን የሴናተሮች ማንቺንና ቱሚ ማሻሻያ ውድቅ አደረገ፤ 54 ድምፅ ቢያገኝም የሚያስፈልገውን 60 አልሞላም።

የሜትካፍ ዝርዝር በ2014 መጀመሪያ በስፋት ሲታወቅም ክርክሩ ወደ ጠመንጃው አልዞረም። የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ኩባንያዎች ወሳኝ ጣቢያዎቻቸውን ለይተው እንዲጠብቁ የሚያስገድድ ደረጃ አጸደቀ። የሰሜን ካሮላይና ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 2022 በሙር ካውንቲ ሁለት ጣቢያዎች በጥይት ተመትተው 45,000 ያህል ደንበኞች በብርድ ወቅት ለቀናት መብራት አጡ። በ2023 የግዛቲቱ ምክር ቤት በኃይል ተቋማት ላይ ጉዳት በሚያደርሱ ላይ ቅጣቱን አከበደ። ይኸው ምክር ቤት በዚያው ዓመት የአገረ ገዢ ሮይ ኩፐርን ተቃውሞ ሽሮ፣ ሽጉጥ ለመግዛት ይጠየቅ የነበረውን የሸሪፍ ፈቃድ አስቀረ።

ይህ የሆነው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ክርክር በሟቾች ዙሪያ የተዋቀረ ስለሆነ ነው። የተገደለ ሕፃን ፎቶ ሕዝብን ያነሣሣል፤ የተበሳ ትራንስፎርመር ግን የኩባንያ ንብረት ተደርጎ ይታያል። ንብረትንና ሕይወትን እንዲህ መለየት ግን ስሕተት ነው። በሙር ካውንቲ መብራት በጠፋበት ወቅት ያረፉ የአንዲት አዛውንት ሞት በኋላ በይፋ እንደ ግድያ ተመዝግቧል። የመሠረተ ልማት ሥጋት በጠመንጃ ሕግ ላይ ተጽዕኖ ማሳደሩ በግልጽ የታየው በ2004 ነው፤ ካሊፎርኒያ ባለ .50 ካሊበር ጠመንጃ እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ ደጋፊዎች መሣሪያው አውሮፕላንንና የነዳጅ ማጠራቀሚያን ከሩቅ ሊመታ እንደሚችል ተከራክረው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚያችው ግዛት ሜትካፍ የተመታው ግን ሕጉ በማይነካው ተራ ጥይት ነበር።

የቁጥጥር ተቃዋሚዎች ከዚህ ተነሥተው፣ ተራ የአደን ጠመንጃ ይህን ማድረግ ከቻለ ሕግ አይጠቅምም፣ የሚያዋጣው ግንብ ነው ይላሉ። ግንብ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። አገሪቱ ያሏት ጣቢያዎች ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ሁሉንም መከለል አይቻልም። በ2022 መጨረሻ በዋሽንግተን ግዛት ጣቢያዎች ያለ ተኩስ መጎዳታቸውም በእርግጥ ጠመንጃ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን ያሳያል፤ ሆኖም ከአጥር ውጭ ቆሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይህን ያህል ጥፋት ማድረስ የሚያስችለው ጠመንጃ ነው። ሌላው መከራከሪያ መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 በብሩን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔም አዳዲስ እገዳዎችን ለሙግት አጋልጧል። ቢሆንም በከባድ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል እስካሁን በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። በ2023 የባልቲሞርን የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ለመምታት በተጠነሰሰው ሴራ ከተከሰሱት አንዷ የተፈረደባት ጥፋት ለማድረስ በማሴር ብቻ ሳይሆን ቀድሞ በከባድ ወንጀል ተፈርዶባት ሳለ መሣሪያ በመያዝም ጭምር ነው። ስለዚህ የመሠረተ ልማት ጥቃት ለክርክሩ የሚያበረክተው ትምህርት ከጥይቱ ስፋት ይልቅ በመሣሪያው ባለቤት ላይ ማተኮር እንደሚገባ ነው፦ ገዢን በአግባቡ ማጣራት፣ የተከለከለውን ሰው መሣሪያ ማስፈታትና የተገኘን ቀለሃ እስከ ተኳሹ መከታተል። አጥር ጣቢያን ይጠብቃል፣ ቅጣትም የተያዘውን ብቻ ያገኛል፤ ተኳሹን ከመተኮሱ በፊት የመግታት ዕድል ያለው ግን የመሣሪያ ሕግ ነው።