በእንጨት ሥራ የእጅ መሣሪያና የመኪና ምርጫ፤ የሆላንድና የእንግሊዝ አገር ታሪካዊ ምሳሌ

«መኪና ከእጅ ይፈጥናልና መኪና በተገኘበት ሁሉ እጅ ይሸነፋል» የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ አጭር ጽሑፍ አስተያየቱ ከእንጨት ሥራ ታሪክ ጋር የሚስማማ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። የተመረጡት ምሳሌዎች ሦስት ሲሆኑ፣ እነርሱም የሆላንድ የነፋስ መጋዝ፣ በ1768 በሎንዶን የተነሣው ሁከትና የፖርትስመዝ የመርከብ መዘውር ፋብሪካ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መኪና ከመምጣቱ በፊት ግንድ ወደ ሳንቃ የሚለወጠው በሁለት ሰዎች ጉልበት ነበር። ግንዱ በጉድጓድ አፍ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ሰው ከላይ ቆሞ፣ ሁለተኛው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ረጅሙን መጋዝ እየተቀባበሉ ይስቡታል። የላይኛው መሥመሩን ሲጠብቅ፣ የታችኛው የመጋዙን ብናኝ በፊቱ ይቀበላል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነበር።

በ1594 ኮርኔሊስ ኮርኔሊስዞን የተባለ ሆላንዳዊ በነፋስ ኃይል የሚሠራ መጋዝ አቆመ። የብልሃቱ ቍልፍ የመዞርን እንቅስቃሴ ወደ ላይና ወደ ታች ምልልስ የሚለውጥ ቆልማማ ዘንግ ነበር። የአምስተርዳም ግንድ ሰንጣቂዎች ማኅበር ግን ነገሩን ተቃወመ። ስለዚህም አዲሱ መጋዝ ይበልጥ የተስፋፋው በከተማይቱ ሳይሆን በዛን ወንዝ አካባቢ ነው፤ አካባቢውም በመርከብ ሥራ የታወቀ ሆነ።

እንግሊዝ አገር በዚህ ረገድ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? የሠራተኞቹ ተቃውሞ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ሆላንድ ያልተሰነጠቀ ግንድ ከባልቲክ አገሮችና በራይን ወንዝ በኩል በብዛት ታስመጣ ነበር። እንግሊዝ ደግሞ በኖርዌይ የውሃ መጋዞች የተሰነጠቀ ሳንቃ በመርከብ ትቀበል ነበር። እንግዲህ በእጁ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው የሎንዶን አናጢ፣ ብዙ ጊዜ መኪና በባሕር ማዶ የሰነጠቀውን ሳንቃ ይልግ ነበር ማለት ነው።

ቻርልስ ዲንግሊ የተባለ የእንጨት ነጋዴ በሎንዶን ላይምሀውስ በተባለው ሰፈር የነፋስ መጋዝ ባቆመ ጊዜ ነገሩ ወደ ጠብ አመራ። በግንቦት 10 ቀን 1768 ወደ 500 የሚጠጉ ግንድ ሰንጣቂዎች ተሰብስበው መጋዙን ሰባበሩት። መንግሥት ለባለ ንብረቱ ካሣ ሰጠ፤ በ1769ም እንዲህ ያለውን ንብረት ማጥፋት በከባድ ወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ። እንጀራቸውን ለሚያጡት ሰዎች ግን ሕጉ ምንም አላሰበላቸውም። የሁከቱ ጥፋት ባይካድም፣ የጥያቄአቸው ፍሬ ነገር መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሸራ ገመድ የሚሳብበት የእንጨት መዘውር በየዓመቱ 100,000 ያህል ያስፈልገው ነበር። ማርክ ብሩኔል የነደፋቸውን፣ ሄንሪ ሞድስሌ የሠራቸውን መኪናዎች የባሕር ኃይሉ ሹም ሳሙኤል ቤንታም ደግፎ በፖርትስመዝ አስተከለ። በ1808 ፋብሪካው በዓመት 130,000 መዘውር ያወጣ ነበር። ቀድሞ 110 ሠራተኞች ይሠሩት የነበረውን 10 ሰዎች እንደ ሠሩት ይነገራል። መኪናው ያሸነፈበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሥራው አንድ ዓይነት ቅርጽ ሺህ ጊዜ መድገም ነበርና።

በዚያው ዘመን የመርከቡ የጎን ዐጥንት ግን በእጅ መጥረቢያ ይጠረብ ነበር። ለዚህ ሥራ ሲበቅል የጎበጠ የወይራ መሳይ ጠንካራ ዛፍ፣ ኦክ የሚባለው፣ ይመረጣል። እያንዳንዱ ግንድ ጕብጠቱ ልዩ ስለ ሆነ፣ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ የሚጠርብ የሠለጠነ ዐይንና እጅ ያስፈልገዋል። አንዱ መርከብ የመኪናንም የእጅንም ሥራ አንድ ላይ ተሸክሞ ይጓዝ ነበር።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ሁለት ነገሮች እንረዳለን። አንደኛ፣ ምርጫውን የሚወስነው የመኪናው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሥራው ድግግሞሽ፣ የእንጨቱ ጠባይና ግንዱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ የመኪናው ትርፍና ጉዳት በአንድ ሰው ላይ አይወድቅም፤ ትርፉ ለባለ ንብረቱና ለገዢው ሲሆን፣ ጉዳቱ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መጋዝ ሲስብ ለኖረው ነው። ስለዚህ መኪና የሚያስገባ ሁሉ «ምን ያህል ያፈጥናል?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ «ሥራውን የሚለቀው ሰው ወዴት ይሄዳል?» ብሎም መጠየቅ ይገባዋል። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በ1768 የጠየቁት ግንድ ሰንጣቂዎቹ ራሳቸው ብቻ ነበሩ።