የብሩስ እንሰት፣ የባሉጋኒ እጅ

በየዓመቱ ግንቦት 14 የዓለም የብዝኀ ሕይወት ቀን ይታሰባል። ቀኑ ሲቃረብ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው የዕፅዋት አመዳደብ ይደገማል፦ ሽበትና ፈርን ዘር የላቸውም፤ ጽድና ዝግባ ዘር እንጂ አበባ የላቸውም፤ ከጤፍ እስከ ኮሶ ያለው አበባ ያብባል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለየተክሉ ጥንድ የላቲን ስም ከሰጠ ወዲህ የምድቡ ሥራ አላቆመም፤ ክርክሩም እንደዚያው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከክርክሮቹ አንዱ የተነሣው በእኛው እንሰት ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ወርዶ በ1770 ጎንደር ገባ። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም አስጠጉት፤ ከራስ ሚካኤል ስሑልም ጋር ተዋወቀ፤ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደረሰ። አገሩ ሲመለስ ግን የሚያምነው አጣ። በሕይወት ካለ ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ የለንደን መሳቂያ አደረገው። ጉዞውን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። እንሰት የሚገኘው ስለ ዕፅዋትና እንስሳት በሚናገረው በአምስተኛው ቅጽ ውስጥ ነው።

ብሩስ ተክሉን በጎንደር፣ በብዛት ደግሞ ከዓባይ ማዶ በሜጫ ምድር እንዳየው ይጽፋል። ሥዕሉን የተመለከቱ ሰዎች ሙዝ ነው ቢሉትም እሱ አልተቀበለም፤ ሌላ ተክል ነው ብሎ ጸና። የሰማው ግን አልነበረም። ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪድሪክ ግሜሊን በዓመቱ፣ በ1791፣ እንሰትን ከሙዝ ወገን መደበው።

ግሜሊን ቅጠሉን አይቶ ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው አራሹ ነው። ሙዝ ከሥሩ ቡቃያ እያወጣ ራሱን ያበዛል፤ እንሰት ግን ካልተነካ አያወጣም። ችግኝ የሚፈልግ ገበሬ የሥሩን እምብርት ነድሎ መቅበር አለበት። የሙዝ ፍሬ ይበላል፤ የእንሰት ፍሬ ጠጣር ዘር የሞላበት ነው። ቆጮና ቡላ ከግንዱና ከሥሩ ይፋቃሉ፤ አሚቾውም ተቀቅሎ ይቀርባል።

የእንግሊዝ ቆንሲልና የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ የነበረው ዋልተር ፕላውደን በ1853 የእንሰት ዘር ለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ላከ፤ ዘሩ እዚያ በቀለ። ሩሲያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሆራኒኖቭ በ1862 እንሰትን ከሙዝ ለይቶ የራሱ ወገን አደረገው፤ ጉዳዩ ግን ተዘነጋ። በትሪኒዳድ ሙዝ ያጠና የነበረው እንግሊዛዊው ቺዝማን በ1947 ምድቡን እንደገና አነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ጸንቷል። ብሩስ ከመጽሐፉ 157 ዓመት በኋላ እውነተኛ ሆነ።

ስለ ሥዕሉ ግን ይህን ያህል እውነተኛ አልነበረም። በ1737 በቦሎኛ የተወለደውን ሉዊጂ ባሉጋኒን ለሥዕል ሥራ የቀጠረው ራሱ ብሩስ ነው። ጣሊያናዊው እስከ ጎንደር አብሮት ተጓዘ። ብሩስ በመጽሐፉ የሥዕሎቹን ክብር ለራሱ ወሰደ። በግሽ ምንጭ ውኃ ለንጉሥ ጆርጅ ጤና ሲጠጣ አጠገቡ የቆመው ስትራቴስ የተባለ ግሪካዊ ነው፤ ባሉጋኒ በትረካው የለም። የባሉጋኒ የራሱ የጣሊያንኛ የጉዞ ማስታወሻ ግን እዚያ እንደነበር ይመሰክራል።

ብሩስም መሣል ያውቅ ነበር የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ሆኖም በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የተቀመጡትን የዕፅዋት ሥዕሎች የመረመሩ ሊቃውንት በ1991 መጽሐፍ ሲያወጡ በርዕሱ ላይ ያሰፈሩት የባሉጋኒን ስም ነው። የጉዞ ጓደኛውን ከግሽ ያስቀረ ሰው ከሥዕሉ ግርጌም ቢያስቀረው አይደንቅም።

ስለ ባሉጋኒ ሕይወት የተረፈው ጥቂት ነው፦ ቦሎኛ፣ አልጀርስ፣ ምጽዋ፣ ጎንደር። የሕንፃ ንድፍ ተምሯል፤ አርባ ሳይሞላው ጎንደር ላይ ሞቷል።

የእንሰትና የሙዝ ዝምድና ዛሬም ዋጋ ያስከፍላል። ቅጠል የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በ1968 እዚህ በእንሰት ላይ ተለይቶ ታወቀ፤ በ2001 የኡጋንዳን ሙዝ መታ። በሽታውን የሚቋቋመው ዝርያ የሚፈለገው በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታና በከፋ ጓሮዎች ነው። እዚያ ያሉ ገበሬዎች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ እያንዳንዱን ዓይነት በስሙ ጠርተው ይለያሉ። ናሙና የምትሰበስቡ ተመራማሪዎች ሆይ፣ ከተክሉ የላቲን ስም ጎን ያሳየቻችሁን ሴትዮ ስም ጻፉ።