ልብ ሲደልቅ፦ የማረጋጊያ ኪኒን ጉዞ ወደ ሻሸመኔ

ሻሸመኔ መንገድ የወለዳት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ የሐዋሳው፣ የባሌውና የወላይታ ሶዶው መንገድ እሷ ላይ ይለያያሉ። ስሟን ያገኘችው ሻሼ ከምትባል ሴት ነው ይባላል፤ «መነ ሻሼ» ማለት የሻሼ ቤት ነው። ቡናውም፣ ጫቱም፣ መድኃኒቱም የገቡት በነዚሁ መንገዶች ነው። ጭንቀትን በደቂቃዎች የሚያበርደው ኪኒንም እንዲሁ፤ እሱ ግን የደረሰው በሽተኛውን ቁጭ ብሎ ከሚያዳምጠው ባለሙያ ቀድሞ ነው።

ሰው ኪኒኑ ከመምጣቱ በፊትም ይጨነቅ ነበር። ልቡ ድንገት እንደ ከበሮ የሚደልቅበት፣ ትንፋሹ የሚያጥርበት፣ ጣቶቹ የሚደነዝዙበት፣ «አለቀልኝ» ብሎ የሚጮኸው ሰው፣ ዛሬ ሐኪሞች ፓኒክ አታክ የሚሉት ይዞት ይሆናል። ክርስቲያኑ ጸበል ይወሰዳል። ሙስሊሙ ዘንድ ቡና ተፈልቶ፣ ጫት ተይዞ የወደጃ ዱዓ ይደረጋል። የአርሲ ሴቶች መከራ ሲመጣ ሲቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ለአቴቴ ሥርዓት ይወጣሉ። በየጓዳው ደግሞ ቀበሪቾ ይታጠናል። ጭሱ በሽታን ስለማዳኑ መከራከር ይቻላል፤ የፈራውን ሰው ብቻውን አለመተዋቸው ግን የሁሉም የጋራ ብልሃት ነበር።

ኪኒኑ የተወለደው ከዚህ ርቆ ነው። አውሮፓና አሜሪካ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ እጦት ባርቢቹሬት የሚባሉትን መድኃኒቶች ይውጡ ነበር። ከነዚህ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ገበያ የወጣው ፌኖባርቢታል፣ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች እስከ ዛሬ ለሚጥል በሽታ ይታዘዛል። ክፋታቸው መጠናቸው ትንሽ ካለፈ ትንፋሽ ማቆማቸው ነበር። በሮሽ ኩባንያ የሚሠራው ኬሚስት ሊዮ ስተርንባክ የተሻለ ሲፈልግ ብዙ ውህድ ሞከረ፤ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1957 ላቦራቶሪው ሲጸዳ ተረስቶ የቆየ አንድ ውህድ ተገኘና ተፈተሸ፤ በ1960 ሊብሪየም ተብሎ ተሸጠ። ወንድሙ ቫሊየም በ1963 ተከተለ። የቫሊየም የመድኃኒት ስም ዲያዜፓም ነው። ጋባ የሚባለውን የአንጎል አብራጅ ንጥረ ነገር ሥራ ያጎለብታል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ልብ ይሰክናል፣ ጡንቻ ይላላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ዲያዜፓም ገባበት። በድሃ አገር ሆስፒታል ጥቅሙ ብዙ ነው፦ የማያባራ መንፈራገጥን ያቆማል፣ በመንጋጋ ቆልፍ የተያዘን ሰው ያላላል። ስለዚህ የአእምሮ ሐኪም በሌለበትም መርፌውና ኪኒኑ አይጠፋም። ሻሸመኔ ከሕክምና ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌል ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከፍቶባታል። የአእምሮ ሕክምና ግን ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ ከአማኑኤል ሆስፒታል ደጅ ብዙም አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1987 እዚያው የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተላኩ። ኢትዮጵያ የራሷን የአእምሮ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በቫሊየም መምጣትና በዚያ ዓመት መካከል 40 ዓመት አለ!

ኪኒኑ መዘዝ እንዳለው በዚያ ክፍተት ውስጥ ዓለም ተምሯል። በየቀኑ ለሳምንታት የተዋጠ ዲያዜፓም ሰውነትን ያስለምዳል፤ ድንገት ሲቋረጥ ጭንቀቱ ብሶ ይመለሳል፣ መንፈራገጥም ሊያመጣ ይችላል። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 አጠቃቀሙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንዳያልፍ መከሩ። ኢትዮጵያም እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሰጡ አድርጋለች።

ሻሸመኔ ላይ ጉዳዩን የሚያከብደው ጫት ነው። የወንዶ ገነት ጫት ቅርብ ነው። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስደልቃል፤ ሲተው ደግሞ ዱካክ የሚባለው ቅዠት ይመጣል። ምርቃናውን ለመስበር ብዙዎች ጨብሲ ብለው መጠጥ ይጠጣሉ። በዚያ ላይ የማረጋጊያ ኪኒን የጨመረ ሰው ትንፋሽን የሚያዳክሙ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ዋጠ ማለት ነው፤ ይህ ሊገድል ይችላል።

ከዚያ ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጣ። ሰኔ 22 ማታ የኦሮምኛ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ በማግስቱ ሻሸመኔ ነደደች። ሰው ሞተ፣ የኃይሌ ገብረሥላሴን ሆቴል ጨምሮ ሕንፃዎችና ሱቆች ተቃጠሉ። ቤቱ ሲጋይ ያየ ሰው ሌሊት ጭስ የሸተተው መስሎት ብድግ ቢል፣ የጎማ ድምፅ ቢያስበረግገው፣ አይገርምም። ለእንዲህ ያለው ድንጋጤ ማረጋጊያ መስጠት ርኅራኄ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ቫሊየምና ዘመዶቹ ለድንጋጤው እንዳይሰጡ መክሯል፤ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛም እንዲሁ።

ይህ ምክር የኢትዮጵያን ለቅሶ ለሚያውቅ እንግዳ አይደለም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛዋ ስለ ልጇ ደጋግማ ታወራለች፣ ሌሎቹም ደጋግመው ይሰማሉ። መርፌ ተወግታ ጓዳ የተኛችን እናት ግን ያ ሁሉ ሳትሰማው ያልፋታል፤ ስትነቃ ድንኳኑ ተነቅሎ ይሆናል።