ስልክን «ሩት» ማድረግ፦ የሚሰጠው ጥቅምና የሚያስከፍለው ዋጋ

ካምፕ ውስጥ አስተማሪ የሆነ ሰው ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ሌላ የስልክ ጥያቄም ይመጣበታል። እኔን ተማሪዎቼም ወላጆቻቸውም ደጋግመው ከሚጠይቁኝ አንዱ «ቲቸር፣ ስልኬን ሩት ላስደርገው ወይ?» የሚለው ነው። እዚህ ለብዙዎቻችን ስልክ ማለት ገንዘብ መቀበያችን፣ የሰነዶቻችን ፎቶ ማስቀመጫ፣ ከአገር ቤትና ከውጭ ዘመድ ጋር መገናኛችን ነው። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ነገሩን በደንብ እወቁት።

ሩት ምንድን ነው?

አንድሮይድ የተሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ሁሉን ማየትና መለወጥ የሚችለው ተጠቃሚ «ሩት» ይባላል፤ ቁጥሩም 0 ነው። እኛ ስልክ ስንገዛ ይህ ሥልጣን አይሰጠንም።

በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ቤቶች አስቡት። እያንዳንዱ አፕ የራሱ ቤትና የራሱ ቁልፍ አለው፤ አንዱ የሌላውን ቤት ከፍቶ አይገባም። ጨዋታው የባንክ አፓችሁን መረጃ ማየት የማይችለው ለዚህ ነው። ሩት ማድረግ ማለት የግቢውን ሁሉ በር የሚከፍት ዋና ቁልፍ ማውጣት ነው። በአይፎን ለዚህ የሚቀርበው «ጄልብሬክ» ይባላል።

አንዳንዱ ሰው ሌላ ነገር ፈልጎ «ሩት አድርጉልኝ» ይላል። ስልኩ የሌላ ኔትወርክ ሲም እንዲቀበል ማድረግ ሩት አይደለም። የተረሳ ፓተርን ወይም የጉግል አካውንት ማስከፈትም ሩት አይደለም። ሩት የሲም ቁልፍ አይፈታም።

ጥቅሙ

• ከፋብሪካ የመጡና የማይጠፉ አፖችን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ይቻላል።

• የአፖችን ዳታ ጭምር ሙሉ ባክአፕ መያዝ ይቻላል።

• በስልኩ ውስጥ የሚመጡ ማስታወቂያዎችን በሲስተም ደረጃ መዝጋት ይቻላል፤ ይህ ዳታም ይቆጥባል።

• የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ቀንሶ ባትሪ ማቆየት ይቻላል።

• ድሮ በቀድሞዎቹ አንድሮይድ ስልኮች አማርኛ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ያኔ የግዕዝ ፎንት ለመጨመር ብለው ሩት ያደረጉ ብዙ ናቸው። የዛሬ ስልኮች ፊደላችንን ይዘው ስለሚመጡ ለዚህ ብሎ ሩት ማድረግ አያስፈልግም።

ጉዳቱ

አንደኛ፣ ስልኩ ባዶ ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ የተለመደው መንገድ መጀመሪያ «ቡትሎደር» የሚባለውን መቆለፊያ መክፈት ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች ቡትሎደሩ ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል፤ ፎቶውም፣ መልእክቱም፣ ስልክ ቁጥሩም። የመታወቂያችሁና የልጆች የልደት ወረቀት ፎቶ ያለው እዚያው ብቻ ከሆነ፣ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ስልኩ ሊሞት ይችላል። ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ፋይል ከተጫነ ወይም ሥራው መሃል ላይ ባትሪ ካለቀ ስልኩ ላይነሳ ይችላል። አንዳንዱ ፍላሽ ተደርጎ ይነሳል፤ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው አይነሳም።

ሦስተኛ፣ የገንዘብ አፖች ሊዘጉ ይችላሉ። ብዙ የባንክ አፖች ስልኩ ሩት መሆኑን ካዩ አንሠራም ይላሉ። እዚህ ኬንያ ኤምፔሳ በሲም ካርዱ ሜኑና በ*334# ስለሚሠራ ያ መንገድ አፕ አይፈልግም። ገንዘብ በአፕ ብቻ የምትቀበሉ ከሆነ ግን ቀድማችሁ አስቡበት።

አራተኛ፣ ጥበቃው ይላላል። ዋናው ቁልፍ በክፉ አፕ እጅ ከገባ፣ ያ አፕ የሚስጥር ኮድ የሚመጣበትን ኤስኤምኤስ ሳይጠይቃችሁ ሊያነብ ይችላል። የቴሌግራምና የፌስቡክ አካውንት የሚሰረቀው በእንዲህ ያለ ኮድ ነው። ለተሰደደ ሰው ደግሞ የመልእክቱና የዘመዶቹ ስም ዝርዝር በሌላ ሰው እጅ መውደቅ ከገንዘብ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

አምስተኛ፣ ዋስትናና አፕዴት ሊቀር ይችላል። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ «ኖክስ» የሚባል ምልክት አለ። ሩት ሲደረግ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም፤ ስልኩ ወደ ፋብሪካው ሲስተም ቢመለስ እንኳ «ሴኪዩር ፎልደር» ዳግም አይሠራም።

ሁለተኛ እጅ ስልክ ስትገዙ

ሻጩ ሳይነግራችሁ ስልኩ ሩት የተደረገ ሊሆን ይችላል። እነዚህን እዩ፦

• ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ሲነሳ ቡትሎደሩ መከፈቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ካሳየ ተጠንቀቁ።

• ከአፖቹ መካከል «ማጂስክ» ወይም «ሱፐርኤስዩ» የሚባል ካለ ሩት ተደርጓል ማለት ነው።

• ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» በሚለው ሥር ስልኩ «ሰርቲፋይድ» መሆን አለመሆኑን ይናገራል።

ሩት ሳታደርጉ የሚሆነው

ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ሩት ሳይሆን ቦታ ነው፤ «ስልኬ ሞላ፣ ተጨናነቀ» ነው ነገሩ። ለዚህ ቀላል መንገድ አለ። ቴሌግራም ሴቲንግ ገብታችሁ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»ን ክፈቱና ካሹን አጥፉ። ፋይሎቹ ቴሌግራም ላይ ስለሚቀመጡ ስትፈልጉ እንደገና ታወርዳላችሁ። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳያወርድ አድርጉት። የማይጠፋውን የፋብሪካ አፕ በሴቲንግ ውስጥ «ዲስኤብል» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ አይሠራም፣ ዳታም አይበላም። ከባዱን አፕ «ላይት» በሚለው ዓይነት መቀየርም ይረዳል።

የግድ ካላችሁ

መማር የሚፈልግ ወጣት ሩት ቢሞክር አልከለክልም፤ ብዙ የኮምፒውተር ዕውቀት ይገኝበታል። ነገር ግን፦

1. ብቸኛ ስልካችሁ ላይ አትሞክሩ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ይበቃል።

2. ፎቶና ሰነዶችን በሚሞሪ ካርድና በሌላ ቦታም አስቀምጡ፤ ካርዱን ከስልኩ አውጡት።

3. የሞዴሉን ትክክለኛ ቁጥር ከሴቲንግ አይታችሁ ለዚያው የተዘጋጀውን መመሪያ ብቻ ተከተሉ።

4. «በአንድ ክሊክ ሩት» የሚል አፕ ከማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል አታውርዱ።

5. ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አትጀምሩ።

6. ጥገና ቤት ከሰጣችሁ ሲሙን አውጡ፣ ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስልክ ይተካል፤ እያጠራቀሙ ሌላ ይገዛል። በውስጡ ያለው ሰነድና የእናት ድምፅ ግን አይተካም። ስለዚህ ሩት ብታደርጉም ባታደርጉም ባክአፑን ዛሬውኑ ያዙ።