የኮምፒዩተር ፍጥነት አለካክ ታሪክ

ሁለት ኮምፒዩተሮች ቀርበው «የትኛው ይፈጥናል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰር የተባለው የስሌት ክፍል የሚፈጽማቸው ትእዛዞች በዓይነትም ሆነ በሚወስዱት ጊዜ ስለሚለያዩ፣ ትእዛዞችን በመቁጠር ብቻ ፍርድ መስጠት አይቻልም። በዚህም ምክንያት የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበሩት ጃክ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1959 እያንዳንዱ የትእዛዝ ዓይነት በሥራ ላይ ባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ በሚገኝበት መጠን እየተመዘነ አማካይ ጊዜው የሚሰላበትን ዘዴ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዌትስቶን የተሰኘው መፈተኛ ፕሮግራም ተጻፈ፤ ትኩረቱም በሳይንሳዊ ስሌት ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቫክስ 11/780ን አወጣ። ይህም በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ትእዛዝ ይፈጽማል ከሚባለው ከአይ.ቢ.ኤም. 370/158 ጋር በሥራ ተቀራራቢ ሆኖ ስለተገኘ፣ እርሱም የአንድ ሚሊዮን ማዕረግ ተሰጠው፤ የሌሎችም ፍጥነት በእርሱ ልክ ይነገር ጀመር። ኋላ ትእዛዞቹ ሲቆጠሩ ግን በሴኮንድ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህ ማለት ቫክስ ዘገምተኛ ነበር ማለት አይደለም፤ አንዱ ትእዛዙ ብዙ ተግባር ስለሚያከናውን ያንኑ ሥራ በጥቂት ትእዛዝ ይፈጽም ነበር። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ራይንሆልድ ቫይከር ድራይስቶን የተባለውን መፈተኛ ካቀረቡ በኋላ፣ የማንኛውም ኮምፒዩተር ውጤት ቫክስ በሴኮንድ ላስመዘገበው 1757 ዙር እየተካፈለ «ሚሊዮን ትእዛዝ» መባሉ ቀጠለ።

እነዚህ መፈተኛዎች አጫጭርና ለፈተና ብቻ የተቀነባበሩ በመሆናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ስፔክ የተባለ ማኅበር በዓመቱ ከሥራ ዓለም የተወሰዱ 10 ፕሮግራሞችን መለኪያ አደረገ። ዳሩ ግን ማትሪክስ300 በተባለው በአንደኛው ፕሮግራም ላይ፣ ኮምፓይለር የተሰኙት ተርጓሚ ፕሮግራሞች የስሌቱን ቅደም ተከተል እንዲለውጡ ተደርገው ስለተሻሻሉ፣ ኮምፒዩተሩ ሳይለወጥ ውጤቱ ብዙ እጥፍ አደገ። ስለሆነም ማትሪክስ300 እ.ኤ.አ. በ1992 ከወጣው መፈተኛ ተሰረዘ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የሚሠራው ሥራ ካልተገለጸ የፍጥነት ቁጥር ትርጉም እንደሌለው ነው። መለኪያው ራሱ ግብ በሆነ ጊዜም መለኪያነቱ ይደክማል፤ ለአንድ ፈተና ብቻ የተጠና ትምህርት የተማሪውን ዕውቀት በሙሉ እንደማያሳይ ሁሉ ማለት ነው። በመሆኑም ኮምፒዩተር የሚገዛ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት በወረቀት ላይ የሰፈረውን ቁጥር ከማመኑ በፊት ዕቃውን በገዛ ሥራው ቢፈትን ገንዘቡን ከብክነት ያድናል።